ከወሩ መጨረሻ የሚጀምር በጀት

ደመወዝተኛ ቤት ውስጥ ዕዳ የሚወለድበት ቀን ይታወቃል፤ ከወሩ 20ኛው ቀን በኋላ ነው። ደመወዝ በገባ ሰሞን ዘይቱም ሽንኩርቱም በእጅ ብር ይገዛል፣ ልጅም ከትምህርት ቤት ሲመለስ ብስኩት አያጣም። በ22ኛው ወይም በ23ኛው ቀን ግን የባለሱቁ የዱቤ ደብተር ይከፈታል፣ በስልክ ብድር ይጠየቃል፣ ለሥራ ባልደረባም «እስከ ደመወዝ ብቻ» ይባላል። ቀጣዩ ደመወዝ ሲገባ ሁሉም ድርሻቸውን ቆርጠው ይወስዳሉ። የተረፈው ደግሞ ካለፈው ወር ቀድሞ ያልቃል። አሁን ዱቤው የሚጀምረው በ18ኛው ቀን ነው።

ለዚህ ነው ከደመወዝ ቀን ተነስቶ ወደፊት የሚያቅድ በጀት ብዙ ቤት የማይሠራው። ወረቀቱ ላይ ገቢና ወጪ ተደምሮ ልክ ይመጣል። ቤተሰብ የሚበላው ግን በየቀኑ ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ከሦስተኛው ሳምንት ላይ ሲበደር ድምሩ አይናገርም። እኔ የምመክረው ከመጨረሻዎቹ 10 ቀናት ጀምሮ ወደ ኋላ መመደብን ነው። ደመወዝ እንደገባ ቀድሞ ገንዘብ የሚመደብለት ከ21 እስከ 30 ያለው ጊዜ ይሁን።

ከዚያ በፊት ግን እውነተኛው ገቢ ስንት እንደሆነ ይታወቅ። ደመወዝዎ 20,000 ብር ከሆነ እጅዎ የሚገባው 20,000 አይደለም። ከሐምሌ 2017 ወዲህ በሚሠራው የደመወዝ ግብር መሠረት የመጀመሪያው 2,000 ብር ከግብር ነጻ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው በየእርከኑ ከ15 በመቶ ጀምሮ እየጨመረ ከ14,000 ብር በላይ ያለው ላይ 35 በመቶ ይደርሳል። በዚህ ስሌት ከ20,000 ላይ 4,950 ብር ግብር ይቆረጣል። 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ 1,400 ብር ይሆናል። የሚቀረው 13,650 ነው። ይህን ሁሉም ያውቀዋል፤ ሆኖም ኪራይ ሲዋዋሉና እቁብ ሲገቡ በአእምሮ የሚመጣው ቁጥር ጥቅሉ ነው።

አንድ ቤተሰብ በምሳሌ እንያዝ። አዲስ አበባ ውስጥ ተከራይተው የሚኖሩ፣ አንድ ልጅ ያላቸው ባልና ሚስት ናቸው። የአንዳቸው ጥቅል ደመወዝ 20,000፣ የሌላኛቸው 10,000 ብር ነው። ከግብርና ከጡረታ በኋላ የመጀመሪያው 13,650፣ ሁለተኛው 7,650፣ በጠቅላላው 21,300 ብር ቤት ይገባል። ለኪራይ 6,000፣ ለሁለቱ ትራንስፖርት 2,400፣ ለልጁ ትምህርት ቤት 1,500፣ ለመብራት፣ ለውሃና ለስልክ 700፣ ለእድር 200 ይሄዳል። ይህ 10,800 ነው፤ 10,500 ይቀራል። ዋጋው በየሰፈሩ ስለሚለያይ የራስዎን ቁጥር ይተኩበት፤ አካሄዱ ያው ነው።

ዕዳቸው ደግሞ እንዲህ ነው፦ ሱቅ 3,000፣ በየወሩ እየተከፈለ በየወሩ የሚመለስ የስልክ ብድር 4,000፣ ከባልየው እህት የተወሰደ 12,000። በድምሩ 19,000 ብር።

ከቀረው 10,500 ላይ 1,500 ለዕዳ፣ 1,200 ደግሞ ወደ ኋላ ለምመጣበት የዓመት ወጪ ይነሣ። 7,800 ይተርፋል። ይህ ለሦስት ሲካፈል ለየ10 ቀኑ 2,600፣ ለቀን 260 ብር ነው። ይህ ለቤቱ ከባድ ዜና ሊሆን ይችላል፤ ግን መነጋገሪያ የሚሆነው ይህ ቁጥር ነው። «በወር 7,800 ለአስቤዛ» ሲባል ሰፊ ይመስላል። «በቀን 260» ሲባል ቅዳሜ ከሰዓት ካፌ የወጣው 400 ብር ምን እንደሆነ ወዲያው ይገባል።

አሁን ወደ ኋላ መመደብ። ደመወዝ በገባ ቀን፣ ገበያ ከመውጣት በፊት፣ የመጨረሻው 10 ቀን 2,600 ብር ለብቻው ይቀመጥ። የት? በቀላሉ የማይደረስበት ቦታ። በሌላ ባንክ የተከፈተ፣ ኤቲኤም ካርድ ያልወጣለት፣ ከስልክ ጋር ያልተያያዘ የቁጠባ ደብተር ለዚህ ይሆናል፤ ወረፋው ራሱ ሐሳብ ያስለውጣል። ያ የማይመች ከሆነ ሚስትና ባል አንዳቸው ያለ ሌላው በማያወጡበት ቦታ ላይ ይስማሙ። ከዚያ የመካከለኛው 10 ቀን 2,600 ይለይ። በእጅ የሚያዘው የመጀመሪያው 2,600 ብቻ ነው። በ8ኛው ቀን ካለቀ ችግሩ የሁለት ቀን ነው፤ በሁለት ቀን ሽሮ ይታለፋል። በድሮው አካሄድ ግን ያ ጉድለት የሚታወቀው በ23ኛው ቀን ነው፣ ያኔ ደግሞ መፍትሔው ብድር ብቻ ይሆናል።

ከመጨረሻው 10 ቀን ገንዘብ የተወሰነውን በማይበላሽ አስቤዛ መለወጥም ይቻላል። ዘይት፣ ዱቄት፣ ሽሮ፣ ሳሙና ከሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር ወይም ከእሁድ ገበያ በአንድ ጊዜ ሲገዙ ከሰፈር ሱቅ የችርቻሮ ዋጋ ይሻላሉ። አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ፦ ቤት ውስጥ 5 ሊትር ዘይት የተቀመጠለት ሰው እጁ ይለቃል። የመጨረሻው 10 ቀን ዕቃ ከሌላው ተለይቶ፣ ከዓይን ራቅ ብሎ ይቀመጥ።

የሱቅ ዱቤ ወለድ የለውም ይባላል። ወለዱ ዋጋው ውስጥ ነው። በዱቤ የሚገዛ ሰው አይከራከርም፣ ሌላ ሱቅ ሄዶ አይጠይቅም፣ ሩብ ኪሎ ስኳርና አንድ ጭልፋ ዘይት እያለ በትንሽ በትንሹ ይገዛል። ደብተሩ የተያዘውም በባለሱቁ እጅ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሠራው ነገር አለ፤ ደመወዝ እንደገባ ሄዶ 3,000ውን በሙሉ ይከፍላል። ቀና ብሎ ለመሄድ ጥሩ ነው፤ ለበጀቱ ግን ወጥመድ ነው። በአንድ ጊዜ የወጣው 3,000 ከ10 ቀን አስቤዛ ይበልጣል። ቤቱ በ15ኛው ቀን ባዶ ስለሚሆን ዱቤው እንደገና ይከፈታል፤ ዕዳው ተከፈለ የሚባለው ለ15 ቀን ብቻ ነው።

የተሻለው መንገድ ባለሱቁን በግልጽ ማነጋገር ነው። «ጋሼ፣ ከዛሬ ጀምሮ አዲስ አይጻፍብኝ። የድሮውን በየወሩ 500 እየከፈልኩ እጨርሳለሁ፤ ዕለት ዕለት የምፈልገውን በእጅ ብር እገዛለሁ።» አብዛኛው ባለሱቅ ይስማማል፤ የሚፈራው ደንበኛው ተሰውሮ ሌላ ሱቅ መሄዱን ነውና። ሁለተኛ ደብተር እርስዎም ይያዙ፣ በከፈሉ ቁጥር ሁለቱም ላይ ይጻፍ። ልጅ ሱቅ ሲላክም ብር ይዞ ይሂድ፤ «በነእማዬ ላይ ጻፍልኝ» የምትለው ቃል ብዙ ቤት አፍርሳለች ባልልም ብዙ ደመወዝ በልታለች።

ወደ ስልኩ ብድር እንሂድ። ቴሌብር በ2013 ሥራ ሲጀምር ገንዘብ ማስተላለፊያ ነበር፤ በ2014 መላና እንደኪሴ የተባሉት የብድር አገልግሎቶች መጡበት፣ ባንኮችም የየራሳቸውን የስልክ ብድር አስከተሉ። ዋስ ሳያስፈልግ፣ ማንንም ሳይለምኑ ገንዘብ መገኘቱ ትልቅ ነገር ነው፤ ልጅ ታሞ ሌሊት መድኃኒት የገዛበት ሰው ያውቀዋል። ችግሩ የሚመጣው ብድሩ በየወሩ ሲመላለስ ነው። ከመበደርዎ በፊት ስክሪኑ ላይ የሚታየውን የአገልግሎት ክፍያ በ12 ያባዙት። ለምሳሌ ለ4,000 ብር የ30 ቀን ብድር ክፍያው 240 ብር ቢሆን 6 በመቶ ነው፤ ትንሽ ይመስላል። በየወሩ ከተደገመ በዓመት 2,880 ብር ከፍለው ያው 4,000 ዕዳ ላይ ነዎት። ይህ በዓመት 72 በመቶ ማለት ነው። ባንክ ለቁጠባ የሚከፍለው ዝቅተኛው ወለድ ደግሞ 7 በመቶ ነው። የስልክ ብድር እያለብዎት በቁጠባ ደብተር 5,000 ብር አስቀምጠው ከሆነ ዛሬውኑ ያውጡና ብድሩን ይክፈሉበት።

ተቀማጭ የሌለው ሰው ግን 4,000ውን በአንድ ወር መዝለል አይችልም፤ ልክ እንደ ሱቁ ጉድጓድ ይፈጥራል። ስለዚህ ብድሩን በደረጃ ማውረድ ነው። በዚህ ደመወዝ 4,000ው ይቆረጣል፤ ተመልሰው የሚበደሩት 3,000 ብቻ ይሁን። በሚቀጥለው 2,000፣ ከዚያ 1,000፣ ከዚያ ዜሮ። በወር የሚጎዳዎት 1,000 ብር ብቻ ነው፤ የአገልግሎት ክፍያውም አብሮ እየወረደ ይሄዳል። ለምሳሌው ቤተሰብ 1,500 ብር የዕዳ ድርሻ የሚሄደው እንዲህ ነው፦ 1,000 ለስልኩ ብድር፣ 500 ለሱቅ። በ4 ወር የስልኩ ብድር ያበቃል። በ5ኛው ወር የሱቁ 1,000 ይዘጋል፣ የተረፈው 500 ለእህት ይጀመራል። ከዚያ ወዲያ 1,500ው በሙሉ ለእህት ነው። የስልኩን ክፍያ ሳንቆጥር በ13ኛው ወር 19,000ው ያልቃል።

እህትየዋ ለምን መጨረሻ ሆነች? ገንዘቡ ወለድ ስለሌለው ነው። ነገር ግን ይህ ዕዳ የሚያስከፍለው ሌላ ነገር አለ፤ ለበዓል ስትጠራ «ሥራ አለብኝ» ማለትን፣ ስልኳን አይቶ አለማንሣትን። አራት ወር ዝም ብሎ በአምስተኛው መምጣት አይሆንም። ዛሬውኑ ደውሎ መንገር ያስፈልጋል፦ «ገንዘብሽን ከጥር ጀምሬ ነው የምሰጥሽ፣ መጀመሪያ 500፣ ከዚያ በየወሩ 1,500።» ወሩን የሰማች እህት ትጠብቃለች። በነገራችን ላይ እንዲህ ያለውን ገንዘብ ወረቀት ላይ ማስፈር መናናቅ አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከ500 ብር በላይ የሆነ የገንዘብ ብድር በምስክር ሳይሆን በጽሑፍ እንዲረጋገጥ ይጠይቃል። ያው ሕግ በሰዎች መካከል የሚደረግ ብድር ወለድ በዓመት ከ12 በመቶ እንዳይበልጥ ይከለክላል፤ አራጣ ደግሞ በወንጀል ያስጠይቃል። በወር 10 በመቶ የሚያበድር ሰው በር ላይ ቆመው ከሆነ ይህን ያስታውሱ፣ የአራጣ ዕዳ ካለብዎትም ዕዳዎችዎን ሲደረድሩ እሱን ከሁሉም ያስቀድሙት።

ዝርዝሩ ላይ ሁልጊዜ የሚረሳ አንድ ዕዳ አለ፦ ዋስትና። ለባልደረባዎ የቁጠባና ብድር ማኅበር ብድር ዋስ ሆነው ፈርመው ከሆነ ያ ሰው ሥራ በለቀቀ ማግስት ቆረጣው ወደ እርስዎ ደመወዝ ሊመጣ ይችላል። በዝርዝሩ ይግባ። ራስዎ ዕዳ እየከፈሉ ባሉበት ጊዜ አዲስ ዋስትና አለመፈረም ነውር አይደለም።

እቁብ ላይ ያለኝ ሐሳብ ብዙ ሰው አይወደውም። ዕጣው ቀድሞ ለወጣለት ሰው እቁብ ያለ ወለድ የተገኘ ብድር ነው፤ በመጨረሻ ለወጣለት ደግሞ ዋጋ እየጨመረ ባለበት ዘመን ያለ ወለድ የተቀመጠ ቁጠባ ነው። ውድ ዕዳ ያለበት ሰው አሁን ባለበት እቁብ ውስጥ ዕጣው በቶሎ እንዲደርሰው ዳኛውን ሊያናግር ይገባዋል፤ ችግሩን በግልጽ ለተናገረ አባል ተራ የሚለቅ ሰው ብዙ ጊዜ አይጠፋም። በወጣለት ቀን ገንዘቡ ቤት ሳያድር ወደ ዕዳው ይሂድ። አዲስ እቁብ መግባት ግን ይቆይ። «እቁብ ካልጣልኩ አልቆጥብም» የሚሉ አሉ፣ እውነታቸውን ነው። ሆኖም እቁብ ለመጣል በስልክ የሚበደር ሰው በ72 በመቶ ተበድሮ በዜሮ እየቆጠበ ነው። እድር ግን አይነካ። ወርኃዊ መዋጮው ትንሽ ነው፣ ቅጣቱ ይከማቻል፣ በሐዘን ቀን ደግሞ ከማንኛውም ብድር ያድናል።

አሁን ወደዚያች 1,200 ብር። ብዙ ቤት በጀቱን ሠርቶ ሦስት ወር ደህና ሄዶ በአራተኛው የሚወድቀው በዓል ሲመጣ ነው። ገና በየዓመቱ ታኅሣሥ ላይ ይመጣል፤ ድንገተኛ ወጪ ብለን እንጠራዋለን እንጂ ቀኑ አልተደበቀም። የምሳሌው ቤተሰብ ለእንቁጣጣሽ፣ ለገናና ለፋሲካ 2,500 ብር እያንዳንዳቸው ቢመድብ 7,500 ነው፤ በዚህ ብር ሙሉ በግ አይታሰብም፣ ዶሮና የቅርጫ ድርሻ ግን ይሆናል። ለልጅ ምዝገባ፣ ለዩኒፎርምና ለደብተር 4,000። ለሕመም 1,600። ይህ 13,100 ነው። ቀሪው 1,300 የጳጉሜ ነው።

ጳጉሜ ብዙዎች በጀታቸው ላይ የማይጽፏት ወር ናት። ደመወዙ በእኛ የቀን አቆጣጠር በ12 ወር የሚከፈለው ሠራተኛ ለጳጉሜ ደመወዝ የለውም። በነሐሴ መጨረሻ የተቀበለው ገንዘብ እስከ መስከረም መጨረሻ 35 ቀን መቆየት አለበት። በዚያ መካከል አዲስ ዓመት አለ፣ መስቀል አለ፣ ትምህርት ቤት ይከፈታል። በዓመቱ ከባዱ ደመወዝ ረጅሙን መንገድ የሚሄደው ነው። 5 ቀን በ260 ብር 1,300 ነው፤ ከመስከረም ጀምሮ በየወሩ 110 ብር ገደማ ሲጠራቀም ይደርሳል። በ2019 መጨረሻ ጳጉሜ 6 ቀን ስለምትሆን 260 ይጨመር። ድርጅታቸው በፈረንጅ ወር የሚከፍላቸው ይህ አይነካቸውም፤ ኪራይ በሐበሻ ወር የሚከፍሉ ከሆነ ግን የደመወዙና የኪራዩ ቀን እየተራራቀ ሲሄድ ያስተውሉ።

ጾምም በበጀቱ ቦታ አለው። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ ሥጋ፣ ቅቤ፣ እንቁላልና ወተት የማይገዛ ቤት በየ10 ቀኑ ከ2,600ው የሚተርፈው ይኖራል። ያ ትርፍ በቀጥታ ወደ ፋሲካ ገንዘብ ይግባ እንጂ በጾም ፒዛ አይለቅ። ረመዳንን የሚጾም ቤት ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው፤ የማፍጠሪያ ወጪ ይጨምራል፣ ወሩም በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀደም እያለ ስለሚመጣ የአምናው ዕቅድ ለዘንድሮ አይሆንም።

ኪራይን በተመለከተ አንድ ጥቅም አለ። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ቢያንስ ለሁለት ዓመት እንዲጸና፣ ቅድመ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። አዲስ አበባ ውስጥ የስድስት ወር ቅድሚያ ለመክፈል የተበደረ ሰው ሞልቷል። ውል ከሌለዎት ዕዳ መክፈል ከመጀመርዎ በፊት ውሉን ያስይዙ፤ በመሀል የ2,000 ብር ጭማሪ ቢመጣ የ13 ወሩ ዕቅድ በሙሉ ይፈርሳል።

ቁጥሩ ጭራሽ አልገጥም ያለባቸው ቤቶችም አሉ። እንዲህ ሲሆን ከአስቤዛው ላይ ተቆርጦ ለዕዳ አይሰጥ፤ የተራበ ቤት በሁለተኛው ሳምንት ተመልሶ ይበደራል። የዕዳው ድርሻ ከ1,500 ወደ 700 ይውረድ፣ ጊዜው ይርዘም፣ አበዳሪዎቹ ይነገራቸው። የመሥሪያ ቤት ብድር ከደመወዝ የሚቆረጥብዎት ከሆነ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደመወዙ ሲሶ እንዳይበልጥ ይገድባል፤ የሚቆረጥብዎት ከዚያ ካለፈ የሰው ኃይል ክፍሉን ያነጋግሩ። የቁጠባና ብድር ማኅበር አባል ከሆኑ ከዚያ በዝቅተኛ ወለድ ተበድሮ የስልኩን ብድር መዝጋት ብልህነት ነው፣ የስልኩ ብድር ተመልሶ እስካልተከፈተ ድረስ። ተመልሶ ከተከፈተ ሁለት ዕዳ ሆነ። የትርፍ ሰዓት ክፍያ፣ የመስክ አበል ወይም ቦነስ ሲመጣ ደግሞ ግማሹ ለዕዳ፣ ግማሹ ለቤት ይሁን። ሁሉንም ለዕዳ ልስጥ የሚል ሰው በሁለተኛው ጊዜ ምንም አይሰጥም።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ሁለቱም ባለትዳሮች አንድ ደብተር ሲያዩ ነው። ሚስት የማታውቀው የባል ብድር፣ ባል የማያውቀው የሚስት ዱቤ ካለ ስሌቱ ውሸት ነው። የሚመቸው ቀን የደመወዝ ዋዜማ ነው፤ ብሩ ገና አልመጣምና ማንም የሚገዛው ነገር አላሰበም። ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ለወላጅ የሚላከውም በዚያች ማታ ይወሰን፣ ትንሽም ቢሆን ቋሚ ሆኖ፤ እናት በየወሩ 500 እንደሚመጣ ካወቁ መንገዱን አይተው ይገዛሉ፣ በመሀል መደወልም ይቀራል።

በ14ኛው ወር 1,500 ብር ነጻ ይወጣል። ያኔ ሶፋ የመቀየር ሐሳብ መምጣቱ አይቀርም። ቅድሚያ ግን ያው ባለ ደብተሩ ሒሳብ ውስጥ አንድ ወር ሙሉ የሚያስበላ 7,800 ብር ይጠራቀም፤ ከአምስት ወር በላይ ትንሽ ይወስዳል። ከዚያ በኋላ እቁብ ይግቡ። ዕጣው ቀድሞ ቢወጣም መጨረሻ ላይ ቢወጣም ያን ጊዜ ቤቱን አያናጋም።